ሰርተፍኬቱን ትታችሁ ፊቱን ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ሀዋሳ ፍሬም ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ደንበኛ ሲጠፋ ነው፣ ሰሞኑን ደግሞ ደንበኛ በጣም ስለጠፋ ከፊት ገፅ እስከ ጨረታው ድረስ አንብቤያችኋለሁ። በኪነጥበብ ገፃችሁ ላይ ስለ አንድ የፖርትሬት ሰዓሊ ያወጣችሁት ፅሁፍ ግን ዝም ብዬ የማልፈው አልሆነም። ሙሉ ገፅ ነው። የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ ስንት ኤግዚቢሽን አሳየ፣ የትኛው ሆቴል ሎቢ ውስጥ አሳየ፣ ማን መርቆ ከፈተለት፣ የትኛው ውድድር ላይ ገብቶ ሰርተፍኬት ወሰደ፣ ሁሉም አለ። ማንን እንደሳለ ግን አንድ መስመር የለም። ሰውየው እኮ የሰው ፊት ነው የሚስለው! ፎቶውም ቢሆን ከባለስልጣን ጋር ሲጨባበጥ የተነሳው ነው፣ ስዕሉ ከኋላ አለ ግን ግማሹን የባለስልጣኑ ትከሻ ጋርዶታል፣ የቀረችው አንድ አይንና ትንሽ የነጠላ ጥለት ናት። እኔ ያቺን አይን ነው ደጋግሜ ያየሁት፣ ልጁ ጎበዝ እንደሆነ ከዛች ብቻ ያስታውቃል።

ለምን ይሄን ያህል ከነከነህ ካላችሁ፣ ያ ዝርዝር እንዴት እንደሚሞላ ስለማውቅ ነው። ውድድር ወይ ባዛር በመጣ ቁጥር ሰዓሊዎቹ የሚመጡት እኔ ጋ ነው፣ ፍሬም በዱቤ። ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ነው፣ እሱም ቴሌግራም ላይ በሰው በሰው ዞሮ። ርዕሱ ሰላም፣ ልማት፣ አንድነት ምናምን ነው፣ አሁን ማን ይሙት የሰው ፊት የሚስል ልጅ ልማትን በምን አፍንጫ ይሳለው? ዳኛው ማን እንደሆነ አይነገርም፣ በምን እንደሚዳኝም አይነገርም፣ ስራው መቼ እንደሚመለስ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ እንደ ነገረኛ ነው የሚታየው።

አንዴ እዚሁ ከተማ አንድ መስሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) የፖርትሬት ውድድር ብሎ ስራ ሰበሰበ። ልጆቹ አስገቡ፣ ፍሬሙን እኔ ሰራሁ። ንግግር ተደረገ፣ ቆሎና ለስላሳ ቀረበ፣ ሽልማት ተሰጠ፣ ስዕሎቹ ለሰው የታዩት ያችው ግማሽ ቀን ናት። ከዛ ስራችንን መልሱልን ሲባል ዛሬ ነገ፣ ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ፊልድ ወጥቷል፣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። በስንት ምልጃ እቃ ግምጃ ቤቱ ሲከፈት እኔም አብሬ ገባሁ፣ ስዕሎቹ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ዞሮ ተደርድረዋል፣ ላያቸው ላይ የተሰባበረ ወንበር ተቆልሏል፣ የአንዷ እናት ጉንጭ ላይ የወንበር እግር ገብቶ ካንቫሱ ጎድጉዷል። ካንቫስ ሲጎደጉድ ከጀርባው በትንሹ እርጥብ ታደርገውና ሲደርቅ ይወጠራል፣ ቀለሙ ከተሰነጠቀ ግን አለቀ። የሷ ተሰንጥቆ ነበር። ያልተገኙም አሉ፣ አንዱ የሆነ ቢሮ ውስጥ ተሰቅሏል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። ይሄ ሁሉ ታዲያ የልጆቹ ሲቪ ላይ ሲገባ "በፖርትሬት ውድድር ተሳታፊ" የምትል አንዲት መስመር ነው የምትሆነው፣ እናንተም ያቺኑ መስመር ተቀብላችሁ ታትማላችሁ።

ውድድር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ እንደውም ለማይታወቅ ሰዓሊ ከሱ የተሻለ በር የለም። አሜሪካዊቷን ኤሚ ሸራልድን ብዙዎቻችን ያወቅናት በፈረንጆቹ 2018 የሳለችው የሚሼል ኦባማ ምስል ዋሽንግተን ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ሲገባ ነው። ሴትየዋ እስከ 38 አመቷ ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት እየሰራች ነበር የምትስለው፣ 2012 ላይ ደግሞ የልብ ንቅለ ተከላ ተደርጎላታል። በሩን የከፈተላት 2016 ላይ ያው ጋለሪ የሚያዘጋጀው አውትዊን ቡቼቨር የሚባለው የፖርትሬት ውድድር ነው፣ በየሶስት አመቱ የሚደረግ፣ አሜሪካ ውስጥ ለሚሰራ አዋቂ ሰዓሊ ሁሉ ክፍት የሆነ። ስሙ የመጣው እዛው ጋለሪ በበጎ ፈቃድ አስጎብኚ ከነበረች ሴት ነው፣ ገንዘቡንም የሰጠችው እሷ ናት (ሚኒስትር አይደለችም፣ ባለሀብት ማህበር አይደለም፣ አስጎብኚ!)። ሸራልድ 25,000 ዶላሩን ወሰደች፣ አንደኛ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴትም ሆነች። የሳለቻት ልጅ ደግሞ ዝነኛ አይደለችም፣ ቀይ ኮፍያና ነጭ ጓንት ያደረገች፣ ከልክ በላይ ትልቅ የሻይ ስኒ የያዘች ጥቁር ወጣት ናት፣ ቆዳዋ በቡኒ ሳይሆን በግራጫ ነው የተቀባው። ሸራልድ የጥቁር ሰው ቆዳ ሁሌም በግራጫ ነው የምትቀባው፣ ሰውየውን ከቀለሙ በፊት እንድታዩት ነው ነገሩ። በሚሼል ምስል ጊዜ ብዙ ሰው "አትመስልም" ብሎ ተንጫጫ። እኔ ቤት በየቀኑ የሚሰማ ቃል ነው፣ "አፍንጫዬ እንዲህ ነው እንዴ?" ሳይባል የሚወጣ ፖርትሬት የለም።

በነገራችን ላይ "አትመስልም" ፍርድ ቤት ደርሶ ያውቃል። አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ከተማ ውስጥ አርቺባልድ የሚባል ከ1921 ጀምሮ ያለ የፖርትሬት ሽልማት አለ፣ አሁን 100,000 የአውስትራሊያ ዶላር ነው። የ1943ቱን ዊሊያም ዶቤል ጓደኛውን ሰዓሊውን ጆሹዋ ስሚዝን ስሎ አሸነፈ፣ አንገቱን አርዝሞ፣ እጁን አቅጥኖ። የተሸነፉ ሁለት ሰዓሊዎች ይሄ ካርቱን ነው እንጂ ፖርትሬት አይደለም ብለው ከሰሱ፣ ፍርድ ቤቱ 1944 ላይ ፖርትሬት ነው ብሎ ለዶቤል ፈረደ። እኔን የገረመኝ ክሱ አይደለም፣ ሊካሰሱበት የሚችሉበት የተጻፈ ህግ መኖሩ ነው። እኛ ጋ በምን ትከሳለህ? ህጉ የታለ?

ከአርቺባልድ ህግ ከሁሉም የምወደው የሚሳለው ሰው ቢያንስ አንዴ ሰዓሊው ፊት በአካል መቀመጥ አለበት የሚለውን ነው። 2021 ላይ ፒተር ዌግነር ያሸነፈው ጋይ ዋረን የሚባል የ100 አመት ሽማግሌ ስሎ ነው፣ ሽማግሌውም ሰዓሊ ነበሩ፣ 1985 ላይ ያንኑ ሽልማት ራሳቸው ወስደውታል። የመቶ አመት ሰው ተቀምጦ ይሳላል፣ የኛ ሰው ግን ቁጭ በል ስትለው "ፎቶ በቴሌግራም ልላክልህ" ነው። ደግሞ እዛ ቤት ሌላ ሽልማት አለ፣ ስዕሎቹን ተቀብለው፣ ከማሸጊያ አውጥተው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ሰራተኞች የሚመርጡት። ይሄን ሳነብ ሱቄ ውስጥ ተነስቼ ልጨፍር ነበር። የወደቁት ራሱ አይጣሉም፣ ከነሱ ተመርጦ ሌላ ጋለሪ ውስጥ ከ1992 ጀምሮ በየአመቱ ይታያል፣ ሰው ሄዶ "ይሄ እንዴት ወደቀ" ብሎ ይከራከራል። ተሸንፎም መታየት አለ ማለት ነው።

እኛም አገር ሽልማት አልነበረም አይባልም፣ በጃንሆይ ስም የሚሰጠውን የስነጥበብ ሽልማት በፈረንጆቹ 1964 ላይ አፈወርቅ ተክሌ፣ 1965 ላይ ገብረክርስቶስ ደስታ ወስደውታል፣ ከአብዮቱ ጋር አብሮ ቀረ። የሰው ፊት ሲነሳ ደግሞ ታደሰ መስፍንን መዝለል አይቻልም፣ አዲስ አበባ፣ አለ ፈለገሰላም የስነጥበብ ትምህርት ቤት ስንቱን ያስተማረ ሰው ነው፣ ጉልት ላይ ቁጭ ብለው የሚሸጡ ሴቶችን እንደ ምሰሶ አቁሞ የሳለ። በኛ አገር ፖርትሬት ማለት ንጉስ ወይ ጳጳስ በነበረበት ቦታ ሽንኩርት ሻጯን ማቆም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እሱ ጋ የተማረው ተስፋዬ ኡርጌሳ 2024 ላይ ኢትዮጵያ ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው የጣሊያን አለም አቀፍ የስነጥበብ ትርኢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተችውን የራሷን ፓቪልዮን (የአገር ማሳያ ቤት) ብቻውን ሞላው። እናንተም ያኔ ጻፋችሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ግን እሱም ላይ ቬኒስ የሚለው ነው የበዛው፣ ሰዎቹ ተጠላልፈው ተደራርበው እንዴት እንደተሳሉ በጣም ትንሽ ነው ያላችሁት። ፕሬዝዳንት የነበሩትን ሳህለወርቅ ዘውዴን ራሱ ኬሂንዴ ዋይሊ የሚባል አሜሪካዊ ስሎ 2023 ላይ ፓሪስ አሳየ፣ እኛ ጋ የሳላቸው ሰው ካለ ማን እንደሆነ ከጋዜጣ ማወቅ አልቻልኩም።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። እዚህ እኔ ጋ የሚመላለስ አንድ ልጅ አለ፣ የሚበላው ከምርቃትና ከሰርግ ነው፣ ማለትም ከስልክ ፎቶ። ፎቶው ፍላሽ የበራበት ነው፣ ፍላሽ ደግሞ ፊትን ልሙጥ ያደርገዋል፣ ጉንጭና አገጭ አንድ ከለር ይሆናሉ፣ ልጁም ምን ያድርግ ያየውን ይቀባል፣ ደንበኛው ደግሞ "ትንሽ ቀላ አርገኝ" ይላል። ለራሱ ሲሆን ግን አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሳ ገበያ ይወርዳል በጠዋት። እዛ ዓሳ የምትበልት ሴት አለች፣ ስራዋን ሳታቋርጥ ልሳልሽ ብሎ ለምኗት፣ እሷም "ካላገድከኝ ሳል" ብላው፣ አባ ኮዳው (ትልቁ ወፍ) አጠገባቸው ቆሞ አንጀት ሲጠብቅ ነው የሳላት። ስዕሉን ለፍሬም ሲያመጣው ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ አየሁት። ሀዋሳ የጠዋት ፀሐይ ውሃው ላይ ወድቃ ትመለሳለች፣ ስለዚህ ብርሃኑ ፊትን የሚያገኘው ከታች ነው፣ የሷም አገጭ ስር ጥላ መሆን ሲገባው በርቷል፣ ትንሽ ወደ አረንጓዴ ሄዶ፣ ግንባሯ ነው የጨለመው። እጇ ላይ የተጣበቀውን የዓሳ ቅርፊት ደግሞ አልቀባውም፣ ሸራውን ነጭ ነጭ አድርጎ ትቶታል፣ ከሩቅ ስታየው ያብረቀርቃል ከቅርብ ስታየው ምንም የለም። ሸራውም ካንቫስ እንዳይመስላችሁ፣ አቡጀዴ በኮላና በነጭ የግድግዳ ቀለም የተለቀለቀ ነው፣ ዋናው ካንቫስ የሚገዛበት ገንዘብ የታለና። ይሄ ስዕል በየትኛው ውድድር ይግባ? ርዕሱ "የከተማችን እድገት" ነው አሉት። ዓሳ የምትበልተዋን ሴት ትቶ ህንፃ ስሎ አስገባ። ሰርተፍኬት አገኘ።

ሴትየዋ ራሷ ሱቄ መጥታ አይታዋለች፣ ብዙ ዝም ብላ ቆይታ "እኔ እንዲህ ተቆጪ ነኝ?" አለችው። ተቆጪ አይደለችም፣ ቢላዋ ስትይዝ ነው እንደዛ የምትሆነው።

እና ከናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። የውድድር ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ ከማተማችሁ በፊት አዘጋጆቹን ጠይቁልን፣ ዳኛው ማነው፣ ስራው ስንት ቀን ለህዝብ ይታያል፣ በምን ቀን ይመለሳል፣ ጉዳት ቢደርስበት ማን ይከፍላል፣ መልስ ከሌላቸው መልስ የለንም አሉ ብላችሁ እሱኑ አትሙት። ክልል ያለን ሰዎች ወሬው የሚደርሰን ዘግይቶ ስለሆነ ቢያንስ ወር ሲቀረው ይውጣ። ሰዓሊ ስታቀርቡ ደግሞ ኤግዚቢሽኑን ሁሉ መዘርዘሩ ቀርቶ አንድ ስዕል ምረጡና ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ጻፉ፣ ማን ናት የተቀመጠችው፣ ስንት ጊዜ ተቀመጠች፣ ስታየው ምን አለች፣ ከለሩ ለምን እንደዛ ሆነ። ፎቶውንም ያለ ሪባን ቆራጭ አድርጉት፣ ጋዜጣችሁ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ችግር የለም ኤሚ ሸራልድ እንኳን ግራጫ ናት የምትቀባው። ያ ባለፈው ያወጣችሁት ሰዓሊም ካላስቸገርኳችሁ ያቺ ባለ አንድ አይን ሴት ሙሉዋን ትውጣልን፣ ከባለስልጣኑ ትከሻ ጀርባ ማን እንዳለች ማወቅ እፈልጋለሁ።

ደብዳቤውን ካወጣችሁት ግን ስሜንም የሱቄንም ስም እንዳታወጡ አደራ። ያ ስዕል ያልመለሰው መስሪያ ቤት የሰርተፍኬት ፍሬም የሚያሰራው እኔ ጋ ነው፣ ያለፈውንም ገና አልከፈሉኝም።

አንባቢያችሁ፣ ከሀዋሳ