ዝም ስላላችሁልኝ

ለብሎካችን ነዋሪዎች፣ ለእቁባችን አባላት፣ ለጋሼ፣ ሪያድ ላለችው እህቴ፤

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የመጀመሪያ አልበሜን ሰው ፊት ቆሜ ተጫወትኩ። አዳራሹ ጠባብ ስለነበር ወንበር አልበቃ ብሎ ከኋላ የቆማችሁም ነበራችሁ። በማግስቱ ያገኘኝ ሰው ሁሉ "እንዴት ብቻህን ሠራኸው?" ይለኛል። የአልበሙ ሽፋን ላይም ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ጊታር፣ ሲንተሳይዘርና ቅጂ ተዘርዝሮ አጠገቡ የተጻፈው ስም አንድ ነው። ያስጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ሐሰት የለበትም፤ ሳነበው ግን ያሳፍረኛል። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ያልሰፈረውን እዚህ ልጻፈው።

ጎረቤቶቼን በቅድሚያ የማመሰግናችሁ ዝም ስላላችሁልኝ ነው። ሮክ የሚጫወት ሰው ስለ ዝምታ ሲያወራ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ጊታሩንና ሲንተሳይዘሩን በገመድ ቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ስለማስገባ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ ሌሊቱን ሙሉ ባስጮኸው ማንንም አልቀሰቅስም። ጣጣው ያለው መዝፈኑ ላይ ነው። ማይክሮፎን የሰውን ድምፅ ከሌላው ለይቶ አይሰማም፤ የመጣለትን ሁሉ ይቀበላል። ጀሞ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለሚኖር ሰው ደግሞ ክረምት ማለት ራስ ላይ የሚመታ ከበሮ ነው። ዝናቡ ሲያባራ የግድግዳው ተራ ይመጣል፤ የሦስተኛው ፎቅ ሕፃን ካሳለ ቅጂው ይበላሻል።

ሰው መክሮኝ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ለብጬው ነበር። ለጀማሪዎች ልንገራችሁ፤ አትድከሙ። የክፍሉን ማሚቶ በጥቂቱ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ከውጭ የሚመጣ ድምፅ አያግድም። የጠቀመኝ የእናቴ ጋቢ ነው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብቼ፣ በሩ ላይ ጋቢና ሁለት ብርድ ልብስ ጋርጄ፣ በላብ ተጠምቄ ነው ዘጠኙንም ዘፈን የዘፈንኩት፤ አብዛኛውን ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ።

በዚያ ሰዓት ቁም ሳጥን ውስጥ የሚጮህ ሰው አለ ተብሎ ለጥበቃችን አቤቱታ መድረሱን የሰማሁት በኋላ ነው። እሱም ሊቆጣኝ ወጥቶ በሬን አንኳኳ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግኩለት። አንዱን ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ምንም ሳይናገር ወረደ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የግቢው ብረት በር ሲዘጋ ድምፁ ጠፋ፤ ለካ መቀርቀሪያው ላይ ጨርቅ ጠምጥሞበታል። ጨርቁ ዛሬም አለ።

ከታች ያሉት እማማ ደግሞ ቡና የሚወቅጡበትን ሰዓት ለውጠውልኛል። እንደ ዕድል ሆኖ ከመለወጣቸው በፊት የሙቀጫቸው ድምፅ አንድ ቅጂ ውስጥ ገብቶብኝ ነበር፤ ደጋግሜ ስሰማው ከድራም ማሽኑ ይልቅ ያ ጥሩ ሆኖ አገኘሁት። ማይክሮፎኑን ይዤ ወረድኩና "እማማ፣ እስኪ እንደ ልማድዎ ይውቀጡልኝ" አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ለእንግዳ እንደሚደረግ ቀስ ብለው፣ በጨዋነት ወቀጡልኝ። ምንም አልሆነልንም። ሦስት ጊዜ ሞከርን። በመጨረሻ "አሁንስ ሰለቸኝ፣ ቡናዬም ላመ!" ብለው በንዴት ያወረዱት ዘነዘና ነው ሦስተኛው ዘፈን መክፈቻ ላይ የምትሰሙት። ቅዳሜ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ወትፈው ከፊት ረድፍ ስለተቀመጡልኝም አመሰግናቸዋለሁ።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የወታደር ባንድ ትራምፔት ተጫዋች ናቸው። ሮክ አይወዱም፤ ይህንንም አይደብቁም። አንድ ሰሞን አንቺ ሆዬ የተባለውን የአገራችንን ቅኝት በጊታር መምታት አቅቶኝ ነበር። ዲስቶርሽን፣ ማለትም ድምፁን የሚያሻክር ነገር፣ የጨመሩበት ጊታር መነሻዋን ኖታና አምስተኛዋን (ከዶ ከተነሱ ሶልን) አብሮ ሲመቱት ነው ጉልበት የሚያገኘው። አንቺ ሆዬ ግን ከዶ ስትነሳ ሶልን ዝቅ አድርጋ ነው የምትይዛት፤ የምፈልጋት አምስተኛ ቅኝቱ ውስጥ የለችም። በግድ ሳስገባት ዘፈኑ የሌላ አገር ሆነ። ጋሼ ጉዳዩን አስረዳኝ ብለው ሰሙና "ከቤቷ የሌለችውን ምን ያስጠራሃል? ፋ አለችልህ፤ እሷን ጥራ" አሉኝ። ዶን ከፋ ጋር መታሁ። ክፍሉ ተንቀጠቀጠ፤ አንቺ ሆዬም አንቺ ሆዬ ሆና ቀረች። የሰባተኛው ዘፈን ጊታር በሙሉ ከዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር የወጣ ነው።

ብቻዬን በመሥራቴ ስኩራራ የሰሙኝ ጊዜም ዝም አላሉኝም። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩንና ድራም ማሽኑን ይዞ ብቻውን አልበም መቅዳቱን፣ ኋላም ታክሲ እየነዳ ኪቦርዱን የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀምጦ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ እንደነበር ነገሩኝ። ያ አልበም በዚያው አቆጣጠር በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲሰማው ሰውዬው አሁንም ታክሲ ነጂ ነበር። "አንተ ገና ምን ጠበቅክ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ። የካቲት ውስጥ ነው፤ ቅጂው አልቆ ድምፁን ማመጣጠን ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ማታ መብራት ጠፋና ሲመለስ በርትቶ መጣ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ። "መጠባበቂያ አላስቀመጥክም?" ለምትሉኝ፣ አስቀምጬ ነበር፤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ እዚያው ሶኬት ላይ በተሰካ ዲስክ። እሱም አብሮ ሄደ። ጠጋኙ ሁለቱንም ሦስት ቀን አቆይቶ በፌስታል መለሰልኝ። ሁለት ዓመት ፌስታል ውስጥ ገብቶ አየሁት።

ለሳምንት ያህል ከቤት አልወጣሁም። በዚያ ሳምንት ምን እንዳሰብኩ መጻፍ አልፈልግም።

የእቁባችን ዕጣ በዚያ ወር የወጣላት እህት ልጇን ልትድር እየተዘጋጀች ነበር። ተራዋን ለእኔ አሳለፈችልኝ። ዳኛውም ጸሐፊውም "ደንቡ አይፈቅድም" ማለት ይችሉ ነበር፤ አላሉም። ያገለገለ ኮምፒውተርና የኃይል መጠበቂያ ገዛሁበት። ሠርጉ ላይ ያለክፍያ እንድዘፍን ብትጠይቀኝ ደስ ባለኝ፤ እሷ ግን ሳህን እንዳመላልስ ነው ያዘዘችኝ፤ አመላለስኩ።

ኮምፒውተር ተገኘ፤ የሚከፈትበት ነገር ግን አልነበረም። እታለም ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ ስድስት ዓመቷ ነው። ዘፈኖቼን ስልክላት "ይሄ ጊታር ያስፈራኛል፤ ድምፅህን ብቻ ላክልኝ" እያለች ታስቸግረኝ ነበር። እኔም ቅር እያለኝ፣ ሙዚቃውን አጥፍቼ፣ ድምፄን ብቻውን በቅጂ ጥራቱ ሳልቀንስ በፋይል እልክላት ነበር። የደረሰብኝን ስነግራት "እኔ ጋ አሉኮ" አለች። ስልኳ ሞልቶ የራሷን ፎቶ ስታጠፋ እንኳን እነሱን አልነካቻቸውም። በዕረፍት ቀኗ ተቀምጣ ዘጠኙንም አንድ በአንድ መለሰችልኝ። እንግዲህ ጊታር የማይወድ ሰው ነው አንድ የሮክ አልበም ያተረፈው።

ከዚያ ሥራው ተገለበጠ። ዱሮ ሙዚቃውን ሠርቼ ድምፄን እጨምርበት ነበር፤ አሁን ድምፁ ቀድሞ አለ፣ ሙዚቃው ከሥሩ ይሠራል። አራት ወር ፈጀብኝ። ብዙው ከበፊቱ የተሻለ ሆኗል፤ በድምፁና በጊታሩ መካከል አየር ገብቷል። የአምስተኛው ዘፈን ጊታር ግን የጠፋው ይሻል ነበር፤ ልደግመው አልቻልኩም፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ስለ ገቢው የጠየቃችሁኝ፣ እስካሁን ከአልበሙ ያገኘሁት ለኢንተርኔት ካወጣሁት ያንሳል።

ቅዳሜ ለእታለም በስልክ ከአዳራሹ በቀጥታ አስተላልፌላት ነበር፤ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹን አልሰማችም። ማታውኑ ያለቀውን አልበም ላክሁላት። በማግስቱ መልስ ጻፈች፤ "እንኳን ደስ አለህ የኔ ወንድም። ኮርቻለሁ። እማማ በጣም ቆንጆ ይወቅጣሉ። አሁን ድምፅህን ብቻ ላክልኝ።"

ልኬላታለሁ።