ለተሸነፈችው እንባዋን ተዉላት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ የካናዳንና የአሜሪካን ሴቶች የበረዶ ሆኪ ፉክክር «ጥላቻ እንጂ ስፖርት አይደለም» ብለው የጻፉትን ቡና እያፈላሁ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ጅማ ውስጥ ሰውነት ማጎልመሻ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ይህን ጨዋታ የለመድኩት በልጆቹ ምክንያት ነው። ልጄ ካናዳ ኤድመንተን፣ የእህቴ ልጅ አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ይኖራሉ። ሁለቱ አገሮች ለፍጻሜ ሲገናኙ ስልኬ ከሁለቱም በኩል ይጮኻል።

ጸሐፊው እንደ ማስረጃ ያነሱት በየካቲት 2010 ዓ.ም. ፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ላይ የሆነውን ነው (ዓመቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጨዋታውን አይቼዋለሁ፤ የእኛ ጠዋት ነበር። ካናዳ ከ1994 ጀምሮ አራት ኦሎምፒክ በተከታታይ ወርቁን ወስዳ ነበር። አሜሪካኖቹ ያገኙት አንድ ጊዜ፣ የሴቶች ሆኪ መጀመሪያ ኦሎምፒክ በገባበት በ1990 ናጋኖ ላይ ብቻ ነበር። ፒዮንግቻንግ ላይ ሁለት ለሁለት አለቁ፤ ጭማሪው ሰዓትም አልለያቸውም። መለያ ምቱ እንደ እግር ኳሱ ቆሞ መምታት አይደለም፤ ተጫዋቿ ብቻዋን ከመሐል እየነዳች መጥታ በረኛዋን ትጋፈጣለች። አምስት አምስቱ አልቆ ስድስተኛው ላይ አሜሪካዊቷ ጆሴሊን ላሙሩ አገባች፤ የ20 ዓመቷ በረኛ ማዲ ሩኒ የካናዳን የመጨረሻ ሙከራ አዳነች። ሚኒያፖሊስ ጮኸ፤ ኤድመንተን ዝም አለ።

ከዚያ ሜዳሊያው መጣ። ካናዳዊቷ ተከላካይ ጆሴሊን ላሮክ ብሩ አንገቷ ላይ እንደዋለ ወዲያው አውልቃ በእጇ ያዘችው። ይኼው ነው ያደረገችው። አልወረወረችውም፣ ማንንም አልሰደበችም። ደጋፊው ግን፣ የራሷ አገር ሰው ሳይቀር፣ ወረደባት። ባለጌ አሏት፣ አገሯን አዋረደች አሏት። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀች።

ጎረቤቴም ያኔ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲሉ ተረቱብኝ። አባባሉን እወደዋለሁ፤ ገናም ሆኪም በቆልማማ ዱላ ነው የሚጫወቱት፣ ዘመዳሞች ናቸው። ነገር ግን ተረቱ አትቆጣ የሚለው ጌታውን ነው። የተሸነፈው አይክፋው አላለም።

በ2013 ሐምሌ ዌምብሌይ ላይ በወንዶች የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ እንግሊዞች በጣሊያን ተሸንፈው ብዙዎቹ ብሩን ከአንገታቸው ሲያወልቁ እዚሁ ጅማ አጂፕ አካባቢ ኳስ በሚታይበት ቤት ነበርኩ። ከወንዶቹ መሐል «ቢያንገበግበው ነው» እንጂ «ባለጌ» ያለ አልሰማሁም። ያው ሰው፣ ያው ብር፣ ያው አንገት። ለወንዱ ወኔ የተባለው ለሴቷ ነውር የሚሆነው በምን ሕግ ነው?

ሩቅ አገር ብቻ አይደለም። ነሐሴ 5 ቀን 2016 ፓሪስ ላይ ትዕግሥት አሰፋ ማራቶኑን 42 ኪሎ ሜትር ሮጣ በ3 ሰከንድ ብቻ ወርቁን አጣች። መጨረሻው ላይ ከሲፋን ሀሰን ጋር ተጋፉ፤ ኢትዮጵያ ይግባኝ አለች፣ ተቀባይነት አላገኘም። እኛ ሄርማታ ቡና ላይ ስንት ቀን ሲፋንን፣ የአዳማ ልጅ የሆነችውን፣ ስንረግማት ሰነበትን! ትዕግሥት ግን ትንሽ ፊቷን ብታጠቁር የምንቆጣት እኛው ነን። ምንም ያልጠፋብን እኛ እንደልባችን እንሳደባለን፤ የአራት ዓመት ድካሟ የጠፋባት ፈገግ ትበል እንላለን። ከዚህ የሚበልጥ ግፍ በደጋፊነት ውስጥ አላየሁም።

ጥላቻ ላሉት ደግሞ፦ በታኅሣሥ 2016 በተጀመረው የሰሜን አሜሪካ ሴቶች ሆኪ ሊግ ውስጥ የሁለቱ አገር ልጆች በአንድ ማልያ ይጫወታሉ። ላሮክም በ2014 ቤጂንግ ላይ አሜሪካን 3 ለ 2 ካሸነፉት አንዷ ናት። ወርቁን አላወለቀችውም። ያን ጠዋት ልጄ ከኤድመንተን ደውሎ በደስታ እያለቀሰ ነበር፤ እሱን ማንም ባለጌ አላለውም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው እኔም የማልረሳው ጥፋት ስላለብኝ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በትምህርት ቤቶች ውድድር የሴቶች ቡድናችን ፍጻሜ ደርሶ በመለያ ምት ተሸነፈ። በረኛችን አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ቅሪላ እያባረረች ያደገች፣ ጉልበቷ ሁልጊዜ የተላጠ ልጅ። መሬት ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ተመልካቹ ሳቀባት። እኔ ሄጄ አነሳኋት፤ እስከዚያ ደህና ነበር። ከዚያ ግን ፎቶ አንሺው ሲመጣ እንባዋን በነጠላዬ ጠርጌ «በይ ፈገግ በይ፣ ሰው ያየሻል» አልኳት። ታዘዘችኝ።

ፎቶው አሁንም ቤቴ አለ። ጥርሷ ይታያል፤ አገጯ ግን ተሸብሽቧል። መልሼ ባገኘው ያን ጊዜ፣ አጠገቧ እዚያው አቧራው ላይ እቀመጥና ፎቶ አንሺውን ሂድ እለው ነበር።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ የስፖርት መምህርት፣ ከጅማ ሄርማታ