ስለ ጅሬን ቁልቁለት ሽቅድምድም፦ ከሄልሜቱ በፊት ፍሬኑ ይታይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከጅሬን ወደ ጅማ ከተማ በሚወርደው ቁልቁለት በብስክሌትና በሞተር ስለ መሽቀዳደም ሲነሳ፣ ገሚሱ «ይከልከል» ይላል፤ ገሚሱ «የገዛ ነፍሳቸው ነው፣ ምን አገባን»። ክርክሩም ሄልሜት አደረጉ አላደረጉ ላይ ያልቃል። ሄልሜት የሚያድነው ያደረገውን ሰው ጭንቅላት ብቻ ነው። መንገደኛውን የሚያድነው ፍሬን ነው፤ ስለ እሱ የሚጠይቅ ግን የለም።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ብስክሌት በሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። ነጂው አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ብንሰጠው 14 ሜትር አለፈ። ፍሬኑ ደህና፣ አስፋልቱም ደረቅ ቢሆን ለመቆም ቢያንስ ሌላ 20 ሜትር ይፈልጋል። ከዚያ የበለጠ አጥብቆ ከያዘ በማኑብሪው (በመሪው) ላይ ይገለበጣል። ቸርኬው ከራሰ ደግሞ የፍሬኑ ሸራ መጀመሪያ ውሃውን ይጠርጋል እንጂ አይዝም። ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ጨብጦ መውረድም አያዋጣም፤ ቸርኬው ሲግል ከመነዳሪው (የውስጥ ጎማው) ሊፈነዳ ይችላል። ደንቡ ያዝ ለቀቅ ነው። ከመነሳት በፊት የፍሬኑ ማንሻ ሲጨበጥ ማኑብሪውን ከነካ ካቦው ይወጠር፤ የሸራው ቦይ ከጠፋ ሸራው ይቀየር።

በሞተር የፊት ጎማ አንስቶ መንዳት ከዚህ ይብሳል። ከግማሽ በላይ የማቆም ጉልበት የሚገኘው ከፊት ፍሬን ነው። ጎማው አየር ላይ ሳለ ያ ፍሬን አይሠራም፣ መሪው አይታዘዝም፣ መብራቱም ሰማይ ሰማይ ያያል።

«የገዛ ነፍሱ» የሚለው አባባል የሚሠራበት ቦታ አለ። ገደል ለብቻው የሚወጣ ሰው አለ። በጉግስ ጋሻ ያነገተ ፈረሰኛ ዱላ እንደሚወረወርበት አውቆ ነው የገባው። ሐሙስ ከሂርማታ ገበያ አህያዋን እየነዳች የምትመለስ ሴት ግን በማንም ውድድር ለመግባት አልተስማማችም። ተመልካቹ መሃል ላይ ነው፦ አባትየው ፈቅዶ ቆሟል፣ ያቀፈው ልጅ ግን አልፈቀደም። ጣሊያን ውስጥ በሕዝብ መንገድ ይካሄድ በነበረው የሚሌ ሚሊያ የመኪና ውድድር፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የአንድ መኪና ጎማ ፈንድቶ በውስጡ የነበሩት ሁለቱ ተወዳዳሪዎችና ዘጠኝ ተመልካቾች ሞቱ፤ ከተመልካቾቹ አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። በዚያው የፍጥነት ውድድሩ ቀረ።

ስለዚህ ሐሳባችን ክልከላ አይደለም፤ ተከልክሎ በሌሊት ከሚካሄድ፣ መንገዱ በፈቃድ ለሁለት ሰዓት ተዘግቶ እሁድ ማለዳ ቢካሄድ ይሻላል። በየመጋጠሚያው ፊሽካና ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው ይቁም፤ እርስ በርስ የማይተያዩ ከሆነ የመገናኛ ሬዲዮ ይኑራቸው። ተወዳዳሪዎች በመንጋ ሳይሆን አንድ በአንድ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ይለቀቁ፤ ባንዲራ ከተነሳ ቀጣዩ አይነሳም። ከኋላ ሰው መጫን አይፈቀድ። ተመልካች ከኩርባው ውጭ በኩል ፈጽሞ አይቁም፤ ያመለጠው ሁሉ የሚወጣው በዚያ ነውና። እዚያ ቦታ አሮጌ የመኪና ጎማ ይደርደር፣ ግን እርስ በርሱ ይታሰር፤ ያልታሰረ ጎማ ሲመታ ራሱ እየተንከባለለ ሰው ጋ ይደርሳል። አምቡላንስ ታች መጨረሻው ላይ ብቻ ቢቆም ሽቅብ መውጣቱ ጊዜ ይበላል፤ እላይ መነሻው ላይ ይሁን።

ዝናብ ከጣለ ይሰረዝ። በጅማ ክረምት ይህ ማለት ምንም ውድድር የለም ማለት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደረቅ ቢሆኑም ቡና የሚለቀምበትና ጭነት የሚበዛበት ጊዜ ነው። በእኛ ግምት የሚመቸው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ነው።

ከጅማ፣ የብስክሌትና የሞተር ጥገና ባለሙያዎች