ከሚኒስትሪ እስከ 12ኛ ክፍል፦ ጠያቂ የሌለው 4 ዓመት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ጋዜጦቻችን የሚይዙት ርዕስ ስንት በመቶው አለፈ የሚለው ነው። በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በተጀመረው የ2014 ዓ.ም. ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ይህን ያህል ውድቀት በ12ኛ ክፍል አይፈጠርም፤ እዚያ ይገለጣል እንጂ።

የአዲስ አበባ ልጅ 8ኛ ክፍል ላይ ሚኒስትሪ ይፈተናል። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚወጣና ውጤቱ የሚቆጠር ፈተና የሚያገኘው 12ኛ ሲጨርስ ነው። ድሮ መሀል ላይ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር። ልጁን ገና በ16 ዓመቱ መሰናዶና ቴክኒክና ሙያ ብሎ ይለይ ስለነበር መቅረቱ አያስከፋኝም፤ የሚተካው አለመኖሩ ነው የሚያስከፋው። አሁን ማርኩ ሁሉ ከትምህርት ቤቱ ነው። የዚያም ትልቅ ድርሻ የቤት ሥራ፣ ደብተርና የቡድን ሥራ ነው፤ የቡድን ሥራ ደግሞ አንድ ልጅ ይሠራውና ስድስቱም ይታረምላቸዋል። አጥር ለአጥር በሚዋሰኑ ሁለት ትምህርት ቤቶች 85 ያመጡ ልጆች ትራንስክሪፕታቸው እኩል ነው፤ ችሎታቸው ግን በሁለት የክፍል ደረጃ ሊራራቅ ይችላል።

ሂሳብን እንይ። የዴሪቬቲቭ ቀመር በቃሉ የሚወጣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ የኤክስ ሲሶና የኤክስ ሩብ ተደምረው 7 ከሆኑ ኤክስ ስንት ነው ሲባል 3ንና 4ን ደምሮ ሁለት ኤክስ ሲካፈል ለ7 ብሎ ይጽፋል። መልሱ 12 ነው፤ እሱ 24.5 ያገኛል። ጥሩ ፈተና አውጪ ይህን ስህተት ስለሚያውቀው 24.5ን ከምርጫዎቹ መሀል ያስቀምጥለታል፤ ልጁም ተደስቶ ያጠቁራል። የጎደለው ካልኩለስ ሳይሆን የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ክፍልፋይ ነው።

እንግሊዝኛው ይብሳል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ይባላል፤ መምህሩ ግን በአማርኛ ያስረዳል፣ ኖቱን በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል። ፈተናው ሲመጣ ባዮሎጂውን እያወቀ «ኦል ኦፍ ዘ ፎሎዊንግ ኤክሴፕት» (ከአንዱ በቀር ሁሉም) የምትለው ላይ ይወድቃል። አንዷ ድክመት በስድስቱም ትምህርት ትቀጣዋለች። አቅም ያለው ወላጅ ይህን በ9ኛ ክፍል ደርሶበት ቱቶር ይቀጥራል። አቅም የሌለው ወላጅ በእጁ ያለው ካርዱ ነው፤ ካርዱ ደግሞ 85 ይላል።

አሁን ያለው መፍትሔ ሁሉ የዘገየ ነው። ሞዴል ፈተና ዋናው ሲቃረብ ይሰጥና ድምር ውጤቱ ይለጠፋል፤ የትኛው ርዕስ እንደከበደ አይነገርም። ማለፊያ ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ሪሚዲያልም፣ የአራት ዓመቱን ትምህርት በጥቂት ወራት ልሸፍን ይላል። 50 ማምጣትም ቢሆን በቂ አይደለም፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል።

ሐሳቤ ይህ ነው። 10ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ፣ ግንቦት ውስጥ፣ በአንድ ጉድኝት (በአቅራቢያ ባሉ ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ያሉ ትምህርት ቤቶች፣ የመንግሥትም የግልም፣ አንድ ዓይነት ፈተና ይስጡ። ሂሳብና እንግሊዝኛ ብቻ፣ 40 40 ጥያቄ፣ ግማሹ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚወጣ። አንዱ ትምህርት ቤት የሌላውን ያርም። ለማለፍና ለመውደቅ አይያዝ፤ የትምህርት ቤቶች ደረጃም አይውጣበት፣ ደረጃ ከወጣበት ኩረጃው በማግስቱ ይጀምራልና። ውጤቱ በርዕስ ተለይቶ ይመለስ፦ ክፍልፋይ፣ ንጽጽር፣ እኩልታ፣ አንብቦ መረዳት። የጎደለው ክረምቱን ለ6 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት ይማሩት፤ በድምሩ 36 ሰዓት ይሆናል። ልጆቹ በሴክሽን ሳይሆን በጎደላቸው ርዕስ ይመደቡ። ወላጆች «የድሮ ማትሪክ ፈተና አሠሩልን» ማለታቸው አይቀርም፤ መምህራንም ቶሎ ይስማማሉ፣ ኮፒው አራት ኪሎ በየሱቁ ተጠርዞ ስለሚሸጥ ድካም የለውም። እዚህ ላይ ርእሰ መምህሩ እሺ ካለ ክረምቱ ባከነ።

ወጪው የማባዣ ወረቀትና የመምህራን የክረምት አበል ነው። ዋናው ጊዜው ነው፤ በርዕስ የተለየው ውጤት ሰኔ 30 ከካርዱ ጋር ለወላጅ መሰጠት አለበት፣ ከዚያ ቀን በኋላ ወላጅን እስከ መስከረም የሚያገኘው የለም።

አንድ የሂሳብ መምህር፣ አራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ