ስለ አባባ ቮልስ
ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ዝም ያልኩህ ረስቼህ እንዳልሆነ ታውቃለህና ይቅርታዬን በአጭሩ ተቀበለኝ፤ ቁጣህን በስልክ ታወርድብኛለህ። «ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» ብለህ ከሆነ አልተሳሳትክም፤ የምጽፍልህ ስለ አባባ ቮልስ ነው።

እንደምታውቃት በፈረንጆቹ 1965 የተሠራች በመሆኗ በ6 ቮልት ነው የምትሠራው፤ የፊት መብራቷም መኖሯን ለሌላው ከማሳወቅ አልፎ ለእኔ መንገዱን አያሳየኝም። ወደ 12 ቮልት ልለውጣት ቆርጫለሁ፤ ያልቆረጥኩት በማን እጅ እንደምትለወጥ ነው። አንድ መካኒክ ሞተሯን አውርዶ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖና እሱ የሚያሽከረክረውን ባለ ጥርስ ጎማ፣ ፍላይዊሉን፣ ሊቀይር፣ የካምቢዮውንም ቤት ከውስጥ ሊሞርድ የሁለት ወር ደመወዜን ጠየቀኝ። ሰውየው አልዋሸም፤ የድሮው ፍላይዊል 109 ጥርስ ሲኖረው የ12 ቮልቱ 130 ያለውና በስፋትም የሚበልጥ ስለሆነ ቤቱ ሳይሞረድ አይገባም። ይሁን እንጂ ብዙ ባለቮልሶች የድሮውን ሞተሪኖ እንዳለ ትተው፣ ቁልፉን ለረጅም ጊዜ ይዘው ባለማቆየት ብቻ በ12 ቮልት ሲያስነሱበት ኖረዋልና ይህን ያህል መክፈሉ አልተዋጠልኝም።

የኤሌክትሪኩን ሥራ ግን ራሴ ብሠራው ደስ ይለኛል (ካቻቢቴ በያዝኩ ቁጥር ትስቅብኝ እንደነበር አልረሳሁም)። ባለ 45 ዋት አምፖል በ6 ቮልት 7.5 አምፔር ሲስብ በ12 ቮልት የሚስበው 3.75 ብቻ ስለሆነ፣ ለትልቁ ፍሰት የተዘረጋው ወፍራም ሽቦ ካልተላጠ በቀር መቀየር አያስፈልገውም። አምፖሎቹን፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠውን ኮይል፣ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን ሪሌ መለወጥ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው፤ የዝናብ መጥረጊያው ሞተር ብቻ ቮልቱን የሚቀንስ ሬዚስተር ካልገባለት ይቃጠላል።

እውነቱን ልንገርህና የሚያስፈራኝ ባትሪው ነው። ያለው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው፤ አዲሱ ባትሪ ከድሮው ከፍ ካለና ጫፎቹ በደንብ ካልተሸፈኑ፣ ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሞላ ወርዶ ይነካቸውና በውስጡ ያለው ሙሌት ይቀጣጠላል። እዚያ የሚቀመጡት ልጆቼ ናቸው። ልጆቼ ማለቴ፣ አዎ፣ ሁለተኛ ልጅ ወልጃለሁ፤ እንዲህ በባትሪ መሐል መንገሬ አሳፍሮኛል፤ ዝርዝሩን ስንደዋወል እነግርሃለሁ። ለማንኛውም ባትሪውን ካሰርኩና ከሸፈንኩ በኋላ፣ ሌላውን ሥራ የማይሠራልኝ ቢሆን እንኳ፣ ገንዘብ ከፍዬ በባለሙያ ዓይን አስፈትሸዋለሁ።

ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ግን በራሴ እጅ ጨርሶ አልነካም። የ12 ቮልቱ ወፈር ስለሚል ማስቀመጫው አብሮ ይለወጣል፤ ዲናሞው ላይ የሚታሰረው የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፋንም በቀጫጭን ሮንዴላዎች ርቀቱ ካልተስተካከለ ከሽፋኑ ጋር ይፋተጋል፤ በአየር ብቻ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ደግሞ በፋን ልምምድ አይደረግም። ስለዚህ ለመካኒኩ የምከፍለው ለዚህና ለፍተሻው ብቻ እንዲሆን አስቤአለሁ፤ ሥራውን ከፋፍዬ ስሰጠው ቅር እንደሚለው ባውቅም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ሶማሌ ተራ ያየኋቸው ዲናሞዎች ብዙ ያገለገሉ ስለሆኑ፣ አንተ ባለህበት ጀርመን የ12 ቮልቱን ከነማስቀመጫውና ቮልቱን ከሚቆጣጠርለት ሬጉሌተር ጋር ፈልግልኝ። ፋብሪካው ለአሜሪካ ገበያ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ወደ 12 ቮልት ስለተሻገረ ዕቃው የሚጠፋ አይመስለኝም። ሞተሪኖውን መተዌንም ካልወደድከው ሳትሸፋፍን ጻፍልኝ፤ ዋጋውን ግን እንዳትቀንስብኝ፤ «ስጦታ ነው» ካልክ ዕቃውን እዚያው አስቀምጠው።

ወንድምህ