ቫርኒሹን ለጊዜው አቆየው

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያህል ዘመን ሳንጠያየቅ መቆየታችን ሲከነክነኝ ነበር። ሰሞኑን ታናሽ ወንድምህን መርካቶ አገኘሁትና በቶርኖ ያወጣኸውን የዋንዛ ገበቴ በስልኩ አሳየኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ላዩ ስላላማረህ በቫርኒሽ ልትሸፍነው እንዳሰብክም ነገረኝ። እባክህ አትቸኩል። ቫርኒሽ ጉድለትን አይሸፍንም፤ እንዲያውም አጉልቶ ያወጣዋል።

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። የተቦጫጨቀው ፊት ለፊት በሚተያዩት ሁለት ጎኖች ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው ልስልስ ያለ ነው። ምክንያቱ የእንጨቱ አቀማመጥ ነው። ገበቴው አንድ ዙር ሲዞር መሮው ሁለት ጊዜ የእንጨቱን ክር ጫፍ ይገጥማል፤ እዚያ ላይ ስለቱ ትንሽ ከዶለዶመ ክሩ መቆረጡ ይቀርና ይነቀላል። ስለዚህ ገበቴውን ቶርኖው ላይ መልሰህ ማሰር ከቻልክ መጀመሪያ መሮውን ሳለው፣ ከዚያ እንደ ወረቀት የሳሳ ልጥ ብቻ አንሣለት። ይህ ብዙ የብርጭቆ ወረቀት ያድንሃል።

ማሰር ካልቻልክ በሻካራው በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምርና የተቦጫጨቀው ጨርሶ እስኪጠፋ ከእሱ አትለፍ። ቀጥሎ 120፣ 180፣ 240 እያልክ ውጣ። አንዱን ዘለህ ብትሄድ የሻካራው ጭረት ከሥር ይቀራል፤ ደረቅ ሳለ አይታይም፣ ዘይት ሲነካው ግን ዙሪያውን ቀለበት ሠርቶ ብቅ ይላል። በየመሀሉ ባትሪ በጎን አብራበት። መጨረሻ ላይ በእርጥብ ጨርቅ አብሰው፤ ሲደርቅ የሚቆመውን የእንጨት ፀጉር በለስላሳው ወረቀት ክሩን ተከትለህ በእጅህ አንሣው።

ከንፈሩ ላይ ያለችው ስርጉድ ግን መፋቅ የለባትም። ተመትታ የገባች ከሆነች ክሩ ተጨፈለቀ እንጂ አልተቆረጠም፤ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገህ የጋለ ካውያ አሳርፍበት፣ እንፋሎቱ ያነሣዋል። በመሮ የተበላ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም።

ለምግብ ስለሆነ ንጹህ የተልባ ዘይት እመርጥልሃለሁ። ስስ አድርገህ ቀባው፣ ትርፉን ጥረግ፣ ከዚያ ታገሥ፤ እስኪደርቅ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ከቀለም መደብር የሚሸጠው «የተቀቀለ» የሚባለው ማድረቂያ ኬሚካል ስለሚጨመርበት ለምግብ ዕቃ አልወደውም። አንድ ነገር አደራ፦ የቀባህበትን ጨርቅ ጨብጠህ ጥግ አትጣል፤ ራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ደጅ ዘርግተህ አድርቀው።

በፎቶው ላይ ሥሩ አልታየኝም። ስንጥቅ ካለው ምንም ሳትሞላበት አስቀድመህ ጻፍልኝ፤ እንጨቱ ገና እርጥብ ከሆነ ስንጥቁ መስፋቱ አይቀርምና ሌላ መላ እንፈልጋለን። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። የድሮው ስልክህ አልሠራ ስላለኝ አዲሱንም ቁጥር ከመልስህ ጋር ላክልኝ።

ናፋቂ ወንድምህ