የስዊቹን ሎግ ከስዊቹ አውጡት

ሰላም ጓዶች፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ በኩል ያላችሁ በተለይ ይቺን አንብቧት። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ስዊቹ (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኘው የኔትወርክ ሳጥን) እንደ አዲስ ይነሳል፤ ሎጉ (የሆነውን የሚመዘግብበት) ደግሞ ብዙውን ጊዜ ራም (መብራት ሲሄድ የሚጠፋ ሜሞሪ) ላይ ስለሆነ ድራሹ ይጠፋል፣ ከዚያ ማታ ምን እንደተፈጠረ ማን ይንገረን? ሎጉን ወደ ሲስሎግ ሰርቨር (ሎግ ተቀብሎ ወደሚያስቀምጥ ኮምፒውተር) ላኩት፣ የሚቀበልበት የኔትወርክ ፖርት ቁጥር ዩዲፒ 514 ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃል፣ ግን ለእሱም ለስዊቹም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ካልተደረገ ልፋት ብቻ ነው።

የስዊቹን ሰዓት በኤንቲፒ (ሰዓትን ከኔትወርክ የሚያስተካክል) አስተካክሉ። አንዳንድ የሲስኮ ስዊች ካልነገሩት በፈረንጅ 1993 ላይ ነው የሚኖረው።

አለርት (ከሎጉ የሚላክ ማስጠንቀቂያ) ላይ ረጋ በሉ። የሎግ መልእክት የክብደት ደረጃ ከ0 እስከ 7 ነው፣ ከባዱ 0። ሁሉንም ቴሌግራም ላይ ከለቀቃችሁት ሰው ሚውት ያደርገዋል። ሲስኮ ላይ የፖርት (የስዊቹ የኬብል መሰኪያ) መውረድ ደረጃ 3 ስለሆነ ላፕቶፕ በተነቀለ ቁጥር ይጮሃል፤ የተጠቃሚ ፖርቶች ላይ አጥፉት፣ አፕሊንኩ (ወደ ዋናው ኔትወርክ የሚሄደው ፖርት) ላይ ተዉት።

ኮንፊጉን (ስዊቹ ላይ የሚጻፈውን ትእዛዝ) የሚፈልግ በውስጥ ይጻፍልኝ።